የሚያጨስ ይጨምር

መጋቢት 4

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እግርሽስ ተሻለሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲያውም ደህና ከመሆን አልፌ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛል፤ አውቶቡሴን አስረክቤ ገና ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ ነው በሹፌሮች ማረፊያ ክፍል ቁጭ ብዬ ይህን የምጽፍልሽ።

ስሚኝማ! የምሠራበት የአውቶቡስ ድርጅት ለሠራተኛው የጤና ኢንሹራንስ እንደገባ፣ ከእኛም ደመወዝ በየወሩ መዋጮ እንደሚቆረጥ ነግሬሽ አልነበር? እስካሁን ሁላችንም እኩል ነበር የምናዋጣው። ከዚህ ወር ጀምሮ ግን ነገር ተለወጠ። የማያጨስ፣ ክብደቱን የጠበቀ፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግማሹን ብቻ ይከፍላል። የሚያጨስ ይጨምራል። የቢሮው ጸሐፊ አንድ ገጽ ፎርም አደለችን። «አጨሳለሁ» የሚል ሳጥን አለ፣ «አላጨስም» የሚል ሳጥን አለ። እኔ የትኛው ላይ ምልክት ያደረግሁ ይመስልሻል?

አቁሜያለሁ እትዬ! አራት ወር ሞላኝ። ድንገት ላበስርሽ ብዬ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት። አሁን ከቤቴ እስከ ጋራዡ በእግሬ ነው የምሄደው፤ ደረጃ ስወጣ ዘፈን እየዘፈንኩ ነው ብልሽ ታምኛለሽ? ደግሞስ እውነት አይደለም? ራሱን የጠበቀ ሰው ለምን የሌላውን ጭስ ይከፍላል? ይሄን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ እላለሁ።

የቀነሱልኝን ለአንቺ እልክልሻለሁ፤ ለእግርሽ የሚሆን ምቹ ጫማ ግዢበት። ጫማ ስትሰፊ ውለሽ ያረጀ ጫማ ማድረግሽ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

የወንድምሽ ልጅ ሽቦ

*

መጋቢት 20

ለወንድሜ ልጅ፣ ለሽቦዬ፣

ሰላምታዬ ከእግር ጥፍርህ እስከ ራስ ጸጉርህ ይድረስህ። ዕድሜ ከጤና ይስጥህ፣ መሪህን ያጽናልህ፣ ተሳፋሪህን ትሑት ያድርግልህ።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ማሽኔ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። «አቁሜያለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ብድግ ብዬ ጮህኩ! የክፍሉ ኃላፊ መርፌ ጣቴን የበሳኝ መስሎት የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑን ታቅፎ ሮጦ መጣ። «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «የወንድሜ ልጅ ሲጋራ አቆመ!» አልኩት። ሳጥኑን እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ። ለዚህ ነው ከስልክ ደብዳቤ የምወደው፤ በስልክ ብትነግረኝ ኖሮ ለማን አሳያለሁ?

ደግሞ አጋጣሚውን እይልኝ! የኛም ፋብሪካ ይህንኑ ሊያመጣ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሰብስቦን አንድ በአንድ አስረዳን፤ የሚያጨስ ይጨምራል፣ የሚጠጣ ይጨምራል፣ ወገቡ ከልክ ያለፈም ይጨምራል። ወገብ ሲል ሁለት መቶ ሰው ዞሮ እኔን አላየም መሰለህ? «ምን ታያላችሁ? እኔ በሥራዬም ሰፊ ነኝ፣ በወገቤም ሰፊ ነኝ፤ ይቆረጥብኝ!» አልኳቸው። ከልቤ ነው። ሟቹን ባሌን፣ አጎትህን፣ ታውቀዋለህ፤ እንዴት ያለ ቆጣቢ ሰው ነበር! በቀን ሁለት ፓኬት እያጨሰ ስለምነው ሰማኝ? አልሰማኝም። ከደመወዙ ቢቆርጡበት ግን ሳምንት ሳይሞላው ይጥለው ነበር፤ ዛሬም አጠገቤ ነበር።

የተቃወመኝ ሙጬ ነው። ታስታውሰው እንደሆነ፣ ሶል የሚያጣብቅበት ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው ረጅሙ ሰውዬ። ተነስቶ «መስኮት በሌለው ክፍል የፋብሪካውን ሙጫ ስምግ ኖሬያለሁ። ሳስል ሲጋራውን ታስከፍሉኛላችሁ፤ የሙጫውን ለኔ ማን ይከፍለኛል?» አለ። እኔ አፌ መቼ ያርፋል? «ሁለቱንም ስለምትምግ ሁለት እጥፍ ክፈል!» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

የሠራተኛው ተወካይ እኔ ነኝ፤ ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ነው። ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ጫማውን ተወው። ስለ ኢንሹራንሱና ስላቆምክበት ሁኔታ ረዘም አድርገህ ጻፍልኝ፤ ለሰዉ ሁሉ ላነበው ነው። ካንተ የበለጠ ምስክር ከየት አመጣለሁ?

አክስትህ ሰፊዋ

*

ሚያዝያ 18

ለውድ አክስቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ፈረቃ ተቀያይሮብኝ፣ ትንሽም ጉንፋን ይዞኝ ነው።

ለሌላ ሰው ባታነቢው ደስ ይለኝ ነበር። ካልሽ ግን ከዚህ በታች ያለውን አንብቢላቸው።

«የተከበራችሁ የፋብሪካው ሠራተኞች፣ እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አጭሻለሁ። ሐኪም መክሮኛል፣ ዘመድ ለምኖኛል፤ አልሆነም። መዋጮዬ ሊጨምር ነው ሲባል ግን አቆምኩ። አሁን እንቅልፌ ጥሩ ነው፣ ምግብ ይጣፍጠኛል፣ ደረጃ አያደክመኝም። በጋራዣችን ሰባ ሁለት ሹፌሮች አሉ፤ ፎርሙን ስንሞላ አጨሳለሁ ያለው ሦስት ሰው ብቻ ነው። ይህ እቅድ ሰው ያድናል።»

ይበቃል መሰለኝ። በርቺ።

ሽቦ

*

ግንቦት 3

ለሽቦዬ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ከክፉ ይሰውርህ፣ ያሰብከውን ያሳካልህ።

አሸነፍን! መቶ አሥራ ሁለት ለዘጠና ሰባት! እየተጣደፍኩ ነው የምጽፍልህ፤ ደግሞ ዛሬ የጻፍኩትን ማንበብ ካቃተህ ጥፋቱ የኔ ሳይሆን የደስታዬ ነው።

ስብሰባው የተደረገው በማሸጊያው ክፍል ነው። ካርቶን ላይ ቆሜ አነበብኩላቸው። «ከሰባ ሁለት ሦስት ብቻ» ስል ጉርምርምታው ተነሳ፤ «እንዲህማ ከሆነ» ይባባላሉ። ያመነቱ የነበሩ የቆዳ ቆራጮች እጅ ሲያወጡ በዓይኔ አየሁ። አንተን ነው የመረጡት! ሥራ አስኪያጁ ጨበጠኝና «የወንድምሽ ልጅ ለኛ ቢሠራልን» አለ። ፎርሙ በማግሥቱ ታደለ። ውሉ የሚፈረመው ሰኔ አጋማሽ ቅዳሜ ነው።

ሙጬ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላምታዬን በአንገቱ ብቻ ነው የሚመልሰው። ይቅር፣ ያልፍለታል።

አንድ ነገር ብቻ። ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ አጠረብኝ። ሌላ ጊዜ ስትጽፍልኝ ስለ ተሳፋሪው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቀጣሪዎችህ ስታወራ ገጹ አይበቃህም። ጉንፋኑስ ለቀቀህ? ሐኪም አየህ?

አክስትህ

*

ግንቦት 24

ሽቦ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይቼልሃለሁ።

ሦስት ሳምንት ጠብቄ መልስ ሲጠፋ እሑድ ደወልኩልህ። «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» አልከኝና መሃል ላይ ስልኩን በእጅህ ሸፈንከው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በማሽን ጩኸት መሃል ሹክሹክታ የምለይ ሴት ነኝ፤ የታፈነ ሳል ይጠፋኛል? በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ።

ያንን ሳል አውቀዋለሁ። አሥራ አራት ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ።

ገንዘብ አትላክልኝ፤ የላክኸውም ሳይነካ ተቀምጧል። እውነቱን ላክልኝ።

አክስትህ

*

ሰኔ 4

ለእናቴ ምትክ ለሆንሽው አክስቴ፣

ይህንን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁን ግን ሳላቆም እጽፈዋለሁ።

አላቆምኩም።

ፎርሙን የሞላሁ ቀን ካቆምኩ ዘጠኝ ቀኔ ነበር። ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ ቆርጬ ነበር፣ ደስታዬም የእውነት ነበር። ዘጠኝ ቀን አራት ወር ሆኖ ታየኝ። አሥረኛው ቀን ላይ አንድ ሰካራም አውቶቡስ ውስጥ ተደባድቦ ሲያበሳጨኝ ዋለ፤ ማታ ስገባ አጨስኩ። በማግሥቱ ለማን ልንገር? ለጸሐፊዋ ብነግር መዋጮዬ ይጨምራል፤ ከዚያም አልፎ «በሐሰት ፈርመሃል» ተብዬ እባረራለሁ። ለአንቺ ልነግርሽ ስል ደግሞ «አቁሜያለሁ» የሚለው ላይ ብድግ ብለሽ የጮህሽበት ደብዳቤ መጣ።

ከአውቶቡስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ጎማ የተቆለለበት አጥር ሥር፣ ተደብቀን የምናጨስ ሰባት ሹፌሮች ነን። ሰባታችንም ፎርሙ ላይ አናጨስም። ከሰባ ሁለት ሦስት ብቻ ያልኩት ይኸው ነው።

ሳሉ የጀመረኝ መጋቢት መጨረሻ ነው። ጉንፋን ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ መሃረቤ ላይ ደም አየሁ። ሐኪም ዘንድ ብሄድ የሚጠይቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ የታወቀ ነው፤ መልሴም ኢንሹራንሱ ዘንድ ባለው ፋይሌ ይገባል። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት የሳል ሽሮፕ እየገዛሁ ቆየሁ። ባለፈው ሳምንት መሪ ላይ እያለሁ ሳሉ ያዘኝና ዓይኔ ጨለመ፤ ፌርማታውን አልፌ ሄድኩ። ተሳፋሪው ሲጮህ ነው የነቃሁት። አንድም ሰው አልተጎዳም።

እቅዱ ክፉ ነው አልልም። ዘጠኝ ቀን ያቆምኩት በሱ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ቆይቼ አላውቅም። ነገር ግን ስወድቅ የምነግረው ሰው አሳጣኝ።

እትዬ፣ የፊተኛውን ካነበብሽላቸው ይህንንም አንብቢላቸው። ለአንቺ ማፈሪያ መሆኔን አውቃለሁ። ለሙጬ ይቅርታ በይልኝ።

የወንድምሽ ልጅ

*

ሰኔ 16

ለሽቦዬ፣ ለልጄ፣

ፈጣሪ ይማርህ፣ ትንፋሽህን ይመልስልህ፣ በዕድሜህ ላይ ዕድሜ ይጨምርልህ። ማፈሪያዬ አይደለህም። ይህንን መጀመሪያ አንብብ፣ ከዚያ ሌላውን።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሐሙስ ነው፤ ውሉ የሚፈረመው ቅዳሜ። ወዲያው ደወልኩልህ፤ «ነገ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ» አልከኝ። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ተናደድኩብህ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ነገር ገባኝ። አጎትህ ከደመወዙ ቢቆረጥበት ያቆም ነበር እያልኩ ስምል ኖሬያለሁ። አያቆምም ነበር! ይደብቅ ነበር! ከኔም፣ ከሐኪሙም። ቆጣቢ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ይዞ፣ የኢንሹራንሱ ሰውዬ ከረባቱን አስሮ ተቀምጠዋል። «ቆይ!» አልኩ። ካርቶኑ ላይ ልወጣ ስል ከፍታው አስቸገረኝ። ማን ክንዴን ይዞ ያወጣኝ መሰለህ? ሙጬ! ምን ልል እንደሆነ እንኳ አያውቅም እኮ።

አነበብኩት። አንድም ቃል አልዘለልኩም። ስጨርስ ሥራ አስኪያጁ «እናዝናለን፤ ግን ድምፅ ተሰጥቷል እኮ» አለ። «የተሰጠው በውሸት ነው። ውሸቱን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ዋሾውም የኔው ሥጋ ነው። እንደገና ይሰጥ!» አልኩት።

ከዚያ የክፍላችን ኃላፊ፣ ያ የእርዳታ ሳጥን ይዞ የሮጠው ጨዋ ሰው፣ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። «ፎርሜን መልሱልኝ» አለ። «ምነው?» ሲሉት «እኔም አላጨስም ብዬ ሞልቻለሁ» አለ። ሚስቱ አጠገቡ ናት፤ እሷም አታውቅም ነበር! ጉድ ነው መቼስ። ከኋላ ሌላው «የኔንም!» አለ። አንዷ ቆራጭ «እኔ ስለ መጠጡ የሞላሁትን» አለች። ሠላሳ አንድ ፎርም ተመለሰ፤ ጠረጴዛው ላይ ሲቆጠር በዓይኔ አየሁ። የኢንሹራንሱ ሰውዬ ከረባቱን ፈታ አደረገ።

ሁሉም ተስማማ ብዬ አልዋሽህም። ጠዋት ጠዋት የምትሮጠዋ ሰፊ ጓደኛዬ ተነስታ «እኔ ለምን ለእናንተ ሲጋራ እከፍላለሁ?» አለች። እውነቷን ነው። «ታመው ከሚደብቁኝ አብሬ ብከፍል ይሻለኛል» አልኳት። አልተዋጠላትም፤ በተቃውሞ ነው እጇን ያወጣችው።

መቶ ሰባ አንድ ለሠላሳ ስምንት! ሁላችንም እኩል እንከፍላለን። በየወሩ ነርስ ትመጣለች፤ ለነርሷ የተነገረ ከነርሷ አይወጣም፤ ማቆም ለፈለገ የመድኃኒቱን ወጪ ኢንሹራንሱ ይችላል። ስለ ሙጫው ክፍል መስኮት ሲነሳ ሥራ አስኪያጁ «እናያለን» አለ። ሙጬ «እኔም እያየሁህ ነው» አለው። እሱን ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ያንተንም አደረስኩ። «ልጁ ሐኪም ዘንድ ሄደ ወይ?» ብቻ ነው ያለኝ።

ሄድክ ወይ? «ነገ» ያልከኝ ሐሙስ ነው። ሥራህን ብታጣ ቤቴ አለ፤ አልጋህም እንደተነጠፈ ነው። አሁን የምፈልገው ሐኪም ያየህበትን ወረቀት ነው። ከነማኅተሙ!

አክስትህ

*

ሐምሌ 2

ለማከብርሽና ለምወድሽ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ፤ ከነማኅተሙ።

ሄጃለሁ። አርብ ጠዋት መጀመሪያ የሄድኩት ጸሐፊዋ ዘንድ ነው። ፎርሜን እንድትመልስልኝ ነገርኳት። መነጽሯን አወለቀችና «ያን ቀን ፌርማታ ያለፍከው ለዚህ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ያልከፈልኩትም ይቆረጥብኛል። አልተባረርኩም! ጤነኛ ነው የሚል ማስረጃ እስካመጣ መሪ እንዳልይዝ ተከለከልኩ፤ ይገባኛል።

ከዚያ ሐኪሟ ዘንድ ገባሁ። ሰላምታ ሰጠችኝና ወንበር አሳየችኝ። «ታጨሳለህ?» አለች። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ደርሷል። «አዎ። በቀን አሥራ አምስት» አልኳት። መብረቅ እየጠበቅሁ ነበር። እሷ ቀና ሳትል ጻፈችና «ከመቼ ጀምሮ?» አለች። ይኸው ነው! ለዚህ ነው ሦስት ወር የተደበቅሁት!

ራጅ ተነሳሁ። ሳንባዬ ላይ ክፉ ኢንፌክሽን አለ፤ አጎቴን የገደለው፣ የፈራነው በሽታ አይደለም። «ወር ብትቆይ ግን ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው» አለችኝ። ለሦስት ሳምንት የሚዋጥ መድኃኒት ሰጠችኝ። ደሙ ቆሟል። ለማቆሚያም የሚረዳ መድኃኒት አዘዘችልኝ፤ እስካሁን አሥራ አንድ ቀን አላጨስኩም፤ ትናንት ግን አንዲት አውጥቼ ለኩሼ ጣልኳት፤ ይህንንም ለሐኪሟ ነግሬያታለሁ።

አሁን ዋናውን ወሬ ስሚ! ከማጠቢያው ጀርባ ያሉት ስድስቱ ማክሰኞ ሊጠይቁኝ ቤቴ መጡ። አልጋዬ ላይም ወለሉ ላይም ተደርድረው ተቀመጡ። ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው፤ የክፍሉ ኃላፊ እንደ ተማሪ እጁን ሲያወጣ፣ ሚስቱ ዞራ ስታየው፣ የኢንሹራንሱ ሰውዬ ከረባቱን ሲፈታ። በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ሳቁ በረደና አንዱ፣ ከሁላችንም ረጅም ዓመት የነዳው፣ «ነገ አብረን እንግባ» አለ። ሮብ ጠዋት ስድስቱም በአንድ ላይ ጸሐፊዋ ቢሮ ገቡ። በሩ ጠቧቸው ሁለቱ ከውጭ ሆነው ነው አሉ የተናገሩት። ጸሐፊዋ የድርጅታችንን ሥራ አስኪያጅ ጠራች፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት እኔን አስጠራኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። «አክስትህ ዘንድ ምን አደረጉ?» አለኝ፤ ስድስቱ ነግረውት ኖሯል። ነገርኩት። ጻፈው። ሰኞ ለሁሉም ሹፌሮች እንድናገር ጠይቆኛል። ይለወጣል አላለም፤ አይለወጥም ብሎም አላሰናበተኝም።

ከእሱ ዘንድ ስመለስ ሦስት ፎቅ ወጥቼ ቤቴ ገባሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ አረፍ ብያለሁ፤ ዘፈን የለም። ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩትና «እኔም እያየሁህ ነው» የሚለው የሙጬ ንግግር ላይ ስደርስ ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅኩ። ሳቄን ስጨርስ እንደ ልማዴ መሃረቤን ይዤ ሳሉን ጠበቅሁት።

አልመጣም።

ልጅሽ